የኦስትያ አሸዋ

ግባ፣ ግባ፤ በሩን ገፋ አድርገው፣ ብርዱን ይዘህብን አትምጣ። ወንበር ሳብና ተቀመጥ። በሰዓቱ ደርሰሃል፤ ኢንጂነሩ ያቺን ቀልዱን ለሺህኛ ጊዜ እየጨረሳት ነው። «ለዓይን ሕክምና ከአዲስ አበባ ድረስ የመጡ እናት! ይሄ ጉደኛ በጥር ብርድ ባሕር ዳር ወስዶ፣ ዓይናቸውን አሸዋ ሞልቶ መለሳቸው!» ይልና ቡና ቤቱን ሙሉ ያስቃል። ጉደኛው እኔ ነኝ። ሳቅ፣ ግድ የለም፤ ያልሳቀ የለም። እኔ ግን ዛሬ እንደ ወትሮው «ቫ ቤኔ፣ ይሁን» ብዬ አላልፈውም። ሦስት ክረምት የዋጥኩትን ነገር ዛሬ ልተፋው ነው።

እማማ በላይነሽ ባለፈው ወር ማረፋቸውን ሰምተሃል አይደል? አዎ፣ አሸዋ የገባባቸው እናት። እንግዲህ ቀበሌው ከዚህ በኋላ ምን ያደርጋቸዋል? መቃብር ድረስ ሄዶ ስብሰባ አይጠራቸው። ልጃቸው ትርንጎም ካናዳ ገብታለች። ስለዚህ አፌ ተፈቷል። ኢንጂነር፣ አንተም ስማ፤ ፈገግታህን ግን ለጊዜው አጠፍ አድርጋት።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኛ ሰዎች ከስብሰባ ሸሽተን አይደል እንዴ የመጣነው? የቀበሌ ስብሰባ፣ የሴቶች ስብሰባ፣ የወጣቶች ስብሰባ፣ ለምን ስብሰባ እንደቀረህ የምትጠየቅበት ስብሰባ። በዚህ ተማርረን፣ ገሚሳችን በእግራችን በረሃ አቋርጠን፣ ስንት መከራ አይተን ሮማ ገባን። ገብተንስ ምን አደረግን? ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ቆመን ስብሰባ ጀመርን! ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ፣ እኅቶቻችን ከሲኞሮቻቸው፣ ከአሠሪዎቻቸው ቤት የሚለቀቁበት ሰዓት ሲደርስ፣ አደባባዩ በእኛ ይሞላል። አጀንዳ ጠፍቶ አያውቅም። ከሁሉ የምንወደው አጀንዳ ግን እንግዳ ነው። ከአገር ቤት አንድ ሰው ለጥቂት ቀን ይመጣል፤ አንዲት ባዶ ቀን ትኖረዋለች፤ ያቺን ቀን የት ሄዶ ይዋል? በዚህ ጉዳይ ጉሮሮው እስኪዘጋ የማይከራከር ሐበሻ ሮማ ውስጥ የለም። ባለጉዳዩን ግን የሚጠይቀው አይገኝም። ቢጠየቅስ? «እናንተ ያላችሁት» ነው መልሱ። «እናንተ ያላችሁት» ማለት ደግሞ «ሆዴ ውስጥ ያለውን ሳልነግራችሁ እወቁልኝ» ማለት ነው። ማን ይወቅለት!

እኔ እዚህ «ቢናሪዮ» ነው የምባለው፤ ባቡር የሚቆምበት መስመር ማለት ነው። ከትምህርት ጋር ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የተለያየነው፤ እሱም አልፈለገኝ፣ እኔም አላስቸገርኩት። የትኛው ባቡር ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያድር ግን በእንቅልፍ ልቤ እነግርሃለሁ። እንግዳ ሲመጣ ሻንጣ የምሸከመው፣ መንገድ የምመራው እኔ ነበርኩ። ነበርኩ ነው የምልህ።

እማማ በላይነሽ የመጡት ለዓይናቸው ነው። የመውጫ ፈቃድ እንዴት እንደሚገኝ ታውቃለህ፤ ወንድማቸውን ዋስ ጠርተው፣ «ካልተመለሱ እሱን እንይዛለን» ተብሎ ነው የተለቀቁት። ትርንጎ ስድስት ዓመት ሙሉ እናቷን አላየችም። ሲኞራዋ ግን ምን አለች መሰለህ? «እንግዳ አለብኝ» ብላ የመጀመሪያውን እሑድ በላችው! የራሷን እንግዳ ልትጋብዝ፣ የሰውን እናት እሑድ በላች። አንዲት እሑድ ብቻ ቀረች። በመሐሉ እማማን ሐኪም ቤትና መነጽር ቤት የማመላልሰው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን ከመነጽር ቤት ስንመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ «ልጄ፣ ምስጢር ትችላለህ?» አሉኝ።

«እማማ፣ እኔ ራሴ ምስጢር ነኝ። ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃድ እንኳን የለኝም» አልኳቸው።

ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። «ጌታሁን የለም» አሉኝ።

ጌታሁን የትርንጎ ታናሽ ወንድም ነው። ሁልጊዜ የምታወራው እሱን ነው፤ ቁመቱን፣ ኳሱን፣ ጥርሱን። ከሞተ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። የቀበሌ ታጣቂዎች ከቤት ወሰዱት፤ በማግስቱ መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። «ካለቀስሽ አንቺም ትከተይዋለሽ አሉኝ» አሉ እማማ፤ ድምፃቸው የሽንኩርት ዋጋ የሚነግሩኝ ነበር የሚመስለው። «ጎረቤት መስኮቱን ዘጋ። አልፈርድበትም፤ ልጆች አሉት። እኔም አላለቀስኩም። ነጠላዬን እንኳን አላዘቀዘቅኩም።»

ለትርንጎ አልነገሯትም። እንዴት ይንገሯት? መርዶ በፖስታ አይላክ፣ በስልክ አይነገር። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ከሁለት በኩል ደግፎ ነው የሚረዳው። እማማ የተሰጣቸውን ፈቃድ ለዓይናቸው ብለው ይዘው ቢመጡም፣ ሆዳቸው ውስጥ የመጣው ይሄ ነበር። ግን የት ይነገር? ሲኞራዋ ቤት ኡኡ ይባላል? ትርንጎ የተከራየችው ክፍል ውስጥ አምስት ሴቶች ያድራሉ። ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ሁላችንም የምንተያይበት ቦታ ነው። ከመካከላችን ደግሞ ወሬ ለቅሞ ወደ አገር ቤት የሚልክ አለ ይባል ነበር፤ ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ሁላችንም እርስ በርሳችን በጎን እንተያይ ነበር። እዚህ የተለቀሰ ለቅሶ እዚያ ቢሰማ፣ የሚያዘው ዋሱ ነው።

«ሰው የማይሰማበት ቦታ ውሰደን» አሉኝ። «አንተው ንገርልኝ። እኔ አፌ አይችልም።»

እኔ! መርዶ የሽማግሌ ሥራ ነው፤ እኔ የማውቀው የባቡር ሰዓት ነው። ጋሽ ተክሌን ልጥራ አልኩ። ጋሽ ተክሌ አስመራ ያደጉ፣ ጣሊያን የሚያከብራቸው፣ ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ ግን የሰሙትን ለሁለት ሰው ሳያካፍሉ ውሃ አይጠጡም። ተውኩት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እንግዲህ ስብሰባው ተጠራ። ማን እንደጠራው እንጃ፤ እማማ አደባባዩ ላይ ብቅ ከማለታቸው ተከበቡ።

«አሲዚ!» አሉ ጋሽ ተክሌ። «የቅዱሳን አገር ነው። ጸጥታው ብቻ ነፍስ ያድሳል።» እኔ በልቤ፣ ጸጥታ ነው እንዴ አሁን የሚያስፈልገን? እዚያ አንድ ሰው ቢያስነጥስ መነኮሳቱ ሁሉ ዞረው ያያሉ።

አንዷ እኅት «ቲቮሊ ይሂዱ፣ ፏፏቴው!» አለች። ለፏፏቴው ልቤ ትንሽ አደላ፤ ውሃው የሰው ድምፅ ይውጣል። ግን እሑድ እሑድ ሙሽራ ሁሉ ከነፎቶ አንሺው እዚያ ነው የሚውለው።

ከዚያ ኢንጂነራችን ተነሣ። ሁለት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የወጣ ሰው ስለሆነ ታሪክ ይወዳል። «ፖምፔ!» አለ። «እሳተ ገሞራ የበላው ከተማ! የሞቱት ሰዎች እኮ፣ እማማ፣ እንደወደቁ ናቸው። አንዱ ክንዱን ፊቱ ላይ አድርጎ፣ አንዱ በጎኑ ተኮራምቶ። በአዲሱ መነጽርዎ ጥርት አድርገው ያዩአቸዋል!»

እማማ በላይነሽን አየኋቸው። እጃቸው መነጽሩን ያዘ እንጂ ፊታቸው ምንም አላለም። ዓመት ከመንፈቅ የተለማመዱት ፊት ነው። ኢንጂነሩን ያን ጊዜ አንገቱን አንቄ ብጥለው ደስ ባለኝ፤ ምን ያድርግ፣ አያውቅም። ያ ነው የሚያበሳጨኝ። አናውቅም፤ እንናገራለን።

«ኦስትያ» አልኩ። «ባሕር።»

ሳቁን ብትሰማው! በበጋ ሮማ ሙሉ ተንጋግቶ የሚወርድበት፣ በጥር ግን ውሻ እንኳን የማይዞርበት ቦታ። እኔም የፈለግኩት እሱን ነበር። «ማ ሴይ ማቶ? አብደሃል እንዴ!» አለኝ ኢንጂነሩ።

«ባሕር አይቼ አላውቅም። ባሕር ይሁንልኝ» አሉ እማማ።

ሁሉም ዞሮ አያቸው። እንግዳ የፈለገውን ሲናገር ሰምተን አናውቅማ።

እሑድ ወረድን። ኦስትያ የተባለው ነገር ሁሉ ተቆልፏል፤ የዋናተኞቹ ጎጆዎች፣ የአይስክሬም መሸጫው፣ ሁሉም። ነፋስ ብቻ፣ ሞገድ ብቻ። ርቆ አንድ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ ዘንጉን አሸዋ ላይ ተክሎ ተቀምጧል። ትርንጎ ከባቡሩ ጀምሮ ስትሰድበኝ ነው የመጣችው። «ቢናሪዮ፣ እናቴን በብርድ ልትገድልብኝ ነው? ይሄ ነው አሁን መዝናኛ? ሲኞራዬ እንኳን ውሻዋን እዚህ አታመጣም!» እያለች ትስቃለች ደግሞ፤ ከእናቷ ጋር ናት፣ ምን ቸገራት።

አሸዋው ላይ የትርንጎን ነጠላ ዘርግተን ተቀመጥን። ትርንጎ ቦርሳዋን ከፈተችና አንድ ቡናማ የቆዳ ጃኬት አወጣች። «ለጌታሁን ነው! እማዬ፣ ዛሬ ላሳይሽ ብዬ ነው የደበቅኩት። ቢናሪዮ፣ እስቲ ልበሰው፤ ያንተን ያህል ሆኗል አሉ።» ለበስኩት። ምን ላድርግ? ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ አየችኝ፣ እጅጌውን ሳብ ሳብ አደረገች። «ትከሻው ይሰፋዋል እንዴ፣ እማዬ?»

እማማ እኔን አዩኝ።

ሳምንቱን ሙሉ የተለማመድኩት ንግግር ነበረኝ። እግዚአብሔር ያለበት፣ ጽናት ያለበት፣ ሽማግሌ የሚናገረው ዓይነት። አንዱም አልመጣልኝ። «ትርንጎ፣ ጌታሁን አይለብሰውም» አልኳት።

ሳቀች። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች። እማማ በላይነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዙረው ለብሰዋል። ከዚህ በኋላ ለሐበሻ ምን ይነገረዋል? ጣሊያን ቢያየው አንድ ጨርቅ ነው። ትርንጎ አየችው፤ አለቀ።

የትርንጎን ጩኸት ተወው። ያስደነገጠኝ የእማማ ነው። ዓመት ከመንፈቅ ታፍኖ የኖረ ድምፅ ሲወጣ ሰምተህ ታውቃለህ? ደረታቸውን እየመቱ፣ ስሙን እየጠሩ፣ «መንገድ ዳር ነህ ያሉኝ ዕለት አልፌህ ሄድኩ፣ የማላውቅህ መስዬ አልፌህ ሄድኩ!» እያሉ ነው የጮኹት። ባሕሩ ተቀበለው። እኔም በሁለቱ መሐል ገብቼ፣ አንዷን በአንድ እጄ ሌላዋን በሌላ እጄ ይዤ፣ እንደማንም አነባለሁ።

በዚህ መሐል አንድ ሰው ሲሮጥ መጣ። ዓሣ አጥማጁ ነው። «ዶቬ? ዶቬ?» እያለ፤ የት ነው፣ የት ነው ማለቱ ነው። ገባህ? ሰው የሰጠመ መስሎት ነው! መልስ እንኳን ሳይጠብቅ ጫማውን ወርውሮ፣ ከነሱሪው፣ ከነኮቱ፣ በዚያ በጥር ባሕር ውስጥ ገባ። እስከ ደረቱ። ተከትዬው እየጮህኩ፣ «ኖ፣ ኖ! እዚህ አይደለም!» አልኩት።

«ታዲያ የት ነው?»

«ሩቅ ነው። ወንድሟ ነው። አገራችን ነው።»

«መቼ?»

«አምና ካቻምና።»

ውሃው ውስጥ ቆሞ አየኝ። አሁን ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድበኝም እውነት ነበረው። ቀስ ብሎ ወጣና፣ ውሃ እያንጠባጠበ ሄዶ ከእማማ ጎን አሸዋው ላይ ተቀመጠ። ለቅሶ እንዴት እንደሚደረስ ማን እንዳስተማረው እንጃ። እኔ የማብደው እዚህ ላይ ነው። ጌታሁን ሲወለድ ገንፎውን የበሉ ሰዎች መስኮት ዘጉ፤ እንዲዘጉ ያደረጋቸውን መንግሥት እግዜር ይይለት፤ ስሙን እንኳን ሰምቶ የማያውቅ ጣሊያን ግን ሊያወጣው ባሕር ገባለት!

ሰውዬው ይንቀጠቀጥ ጀመር። «አልብሰው» አሉኝ እማማ። ጃኬቱን አወለቅኩ። ትርንጎ ራሷ እጅጌውን እየያዘች አለበሰችው፤ የሟች ልብስ በነፍሱ ስም ለሰው ይሰጥ የለ? ትከሻው ልክክ አለ።

ማታ ተርሚኒ ስንደርስ ኮሚቴው ቆሞ ይጠብቀናል። የሁለቱም ዓይን አብጦ ደም መስሏል። «ምን ሆኑ?» ተባለ። አፌ ላይ የመጣው «አሸዋ ነው። ነፋሱ አሸዋ አስገባባቸው» የሚለው ሆነ።

አሎራ፣ እንግዲህ የሆነውን ታውቀዋለህ። «ለዓይን ሕክምና የመጡ ሰው!» አለ ይሄው ኢንጂነር። «አሲዚ ብዬ ነበር!» አሉ ጋሽ ተክሌ። እዚያው ቆመው በሙሉ ድምፅ አወገዙኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንግዳውን በእኔ እጅ የሰጠ ሰው የለም። ቀልዱም ይኸው እስከ ዛሬ አለ። ምን ብዬ ልመልስ? የለም፣ ሲያለቅሱ ነው የዋሉት ልበል?

እማማን አውሮፕላን ጣቢያ የሸኘኋቸው እኔና ትርንጎ ነን። ሻንጣውን አስረክቤ ስመለስ ወደ ጥግ ሳቡኝ፣ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና መልሰው አደረጉት።

«ሲሰድቡህ ሰምቻለሁ ልጄ፤ በእኔ የተነሣ ነው፣ ቻለው» አሉኝ። «ግን አሸዋ ነው ማለትህ ጥሩ አደረግህ። እኔም እንግዲህ አገሬ ገብቼ፣ ዓይንሽ ምን ሆኖ ቀላ ሲሉኝ፣ የሮማ አሸዋ ነው፣ እስካሁን አልወጣ ብሎኝ ነው እላቸዋለሁ።»