ለዘመድ የሚወሰድ ባሩድ

[ፌርፋክስ፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ጀርባ ያለው ፓርኪንግ። ረፋድ ላይ ነው። የፓርኪንጉ ጠባቂ ጋሼ መክብብ ጉንፋን ይዟቸው፣ አንገታቸው ላይ ፎጣ ጠምጥመው ትንሿ የመስታወት ክፍላቸው ውስጥ ተቀምጠዋል። ታክሲ ነጂው ዳኜ በፕላስተር የታሸገ ካርቶን ታቅፎ በሩ ላይ ቆሟል።]

መክብብ፦ አበባ? ለወንድ ልጅ አበባ? ዳኜ፣ ጤና የለህም እንዴ?

ዳኜ፦ እሺ ጋሼ፣ ቸኮሌትስ?

መክብብ፦ ሰውየው እኮ የሉሊት እጮኛ አባት ነው! ነገ ከነገ ወዲያ የልጄ አማት ነው! ቅዳሜ በረሃ ድረስ ወስዶ ዒላማ ሊያስተኩሰኝ ጋብዞኛል። ጠመንጃው የእሱ፣ መኪናው የእሱ፣ ምሳው የእሱ። እኔ እጄን እያወዛወዝኩ ልሂድ?

ዳኜ፦ ሶ ጥይቱ የእርስዎ ይሁን ነው የሚሉት።

መክብብ፦ ተመስገን! ገባህ።

ዳኜ፦ ግን ጥይቱም የእርስዎ አይደለም። ሰፈሬ ዌስት አዳምስ የጎረቤቴ፣ የሟቹ የሚስተር ዊልበር ነው።

መክብብ፦ ሚስቱ ሰጠችህ አይደል?

ዳኜ፦ "ዳኒ፣ እባክህ ይሄን ጉድ ከቤቴ አውጣልኝ" ነው ያለችኝ።

መክብብ፦ ያው ሰጠችህ ነው።

ዳኜ፦ የፋብሪካ እኮ አይደለም ጋሼ። ሰውየው ጋራዡ ውስጥ በእጁ የሞላው ነው። የተተኮሰ ቀለህ ይለቅማል፣ ባሩድ ይጨምርበታል፣ እርሳሱን ይገጥምበታል። ምን ባሩድ እንደጨመረ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። እሱ ደግሞ ሞቷል።

መክብብ፦ በምን ሞተ?

ዳኜ፦ በስኳር።

መክብብ፦ አየህ? በጥይቱ አልሞተም። [ያስነጥሳሉ]

ዳኜ፦ ይማርዎት።

መክብብ፦ ያኑርህ። እስቲ ካርቶኑን ወዲህ በለው። [ተቀብለው በእጃቸው ይመዝናሉ] ቀላል ነው።

ዳኜ፦ ቀለለዎት አይደል?

መክብብ፦ ጥሩ ባሩድ አይከብድም። ደርቋል ማለት ነው። ላዩ ላይ ምን ይላል?

ዳኜ፦ መነጽርዎስ?

መክብብ፦ ቤት ነው። አንተ አንብበው፣ ምን አደከመህ?

ዳኜ፦ "ምርጥ" ይላል። ከሥሩ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ተሰርዞ ሌላ ቁጥር ተጽፎበታል። እሱም ተሰርዟል።

መክብብ፦ በቃ! "ምርጥ" ካለ ምርጥ ነው። ሰው በራሱ ዕቃ ላይ ይዋሻል?

ዳኜ፦ እኔ ቤት የቅቤ ዕቃ አለ፣ ፕላስቲኩ። ላዩ ላይ "ቅቤ" ይላል። ውስጡ በርበሬ ነው። የቡናው ቆርቆሮ ውስጥ ሽሮ አለ። የአይስክሬሙ ውስጥ ደግሞ ድልህ። የልጄ ጓደኛ አንዴ በማንኪያ ጀምሮት ነበር።

መክብብ፦ እና?

ዳኜ፦ እናቱ እስከ ዛሬ አታናግረንም።

መክብብ፦ እሱ የእኛ ሰው ጉድ ነው። ፈረንጅ ያስቀመጠውን ነው የሚጽፈው።

ዳኜ፦ ሚስተር ዊልበር ምስማር የሚያስቀምጠው የኦቾሎኒ ቅቤ ጠርሙስ ውስጥ ነበር።

[መክብብ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ።]

መክብብ፦ ታዲያ ባለሙያ የሚያስፈልገው ለዚህ አይደል? የሚያይ ዓይን ያለው ሰው!

ዳኜ፦ ሉሊት የጥይቱን ፎቶ አንስታ ኢንተርኔት ላይ ጠይቃ ነበር። አሥራ ሰባት ሰው መለሰላት።

መክብብ፦ ምን አሉ?

ዳኜ፦ አሥራ ስድስቱ "እንዳትነኪው፣ ይወገድ" አሉ።

መክብብ፦ አንዱስ?

ዳኜ፦ "ደህና ይመስላል" አለ።

መክብብ፦ አዋቂው እሱ ነው! ሁልጊዜ አንድ ሰው አይጠፋም። አንዱን ጥይት ፈትተህ ባሩዱን አምጣ ብዬህ አልነበር?

ዳኜ፦ [ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት ያወጣል] ይኸው። ግን ጋሼ፣ መሣሪያ የሚጠግን ሰውም ጠይቄ ነበር። ሠላሳ ዓመት የሠራ ነው። "አላውቅም" አለኝ።

መክብብ፦ ሠላሳ ዓመት ሠርቶ?

ዳኜ፦ "ሰው የሞላውን ባሩድ በዓይን አይቶ የሚለይ የለም" አለ። "ሁለት ዓይነት ባሩድ ቁርጥ አንድ ይመስልና አንዱ ቀስ ብሎ ይቃጠላል፣ አንዱ በአንዴ ቦግ ይላል። ያልሆነው ከሆነ ጠመንጃው ፊትህ ላይ ይፈነዳል" አለኝ።

መክብብ፦ አያፍርም? እኔ ስልሳ አራት ዓመት ኖሬ "አላውቅም" የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም!

ዳኜ፦ እሱንስ እኛም ታዝበናል።

መክብብ፦ ጦር ሠራዊት ግምጃ ቤት አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ!

ዳኜ፦ መሣሪያ ግምጃ ቤት?

መክብብ፦ በመካከላችን ግድግዳ ብቻ ነው የነበረው።

ዳኜ፦ በእርስዎ በኩል ምን ነበር?

መክብብ፦ ብርድ ልብስ። ዘርጋው ወረቀቱን!

[ዳኜ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል። ጥቁር፣ ደቃቅ ፍሬ ነው። ጋሼ መክብብ ዓይናቸውን አጥብበው ጎንበስ ይላሉ።]

መክብብ፦ ጥቁር።

ዳኜ፦ ጥቁር ነው።

መክብብ፦ ጻፍ እንጂ!

ዳኜ፦ [የፓርኪንግ ትኬት ጀርባ ላይ እየጻፈ] "ጥቁር።"

መክብብ፦ [በጣታቸው እያሹ] ማዕዘን ማዕዘን አለው። በማሽን የተቆረጠ ነው። ይሄ የወታደር ነው፣ የአዳኝ አይደለም።

ዳኜ፦ "የወታደር።"

መክብብ፦ [ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ይስባሉ] ቆይ። ቆይ ቆይ ቆይ። ይሄን ሽታ አውቀዋለሁ!

ዳኜ፦ እውነት?

መክብብ፦ አሳምሬ ነው የማውቀው! ሠራዊት ሳልገባ፣ ገና ልጅ ሆኜ። እናቴ ጓዳ ራሱ ይሸተኝ ነበር።

ዳኜ፦ እናትዎ ባሩድ ነበራቸው?

መክብብ፦ አባቴ ጠመንጃ ነበረው። ጓዳ ያስቀምጠው ነበር መሰለኝ።

ዳኜ፦ ከበርበሬው ጎን?

መክብብ፦ ጎን ለጎን! [እንደገና በረጅሙ ይስባሉ] አፍንጫዬን ከፈተው እኮ! ከእሁድ ጀምሮ ድፍን ብሎ ነበር።

ዳኜ፦ ኃይለኛ ነው ማለት ነው።

መክብብ፦ እሳት ነው እንጂ! ጻፈው፣ "ኃይለኛ" በል። [አንዲት ፍሬ አንስተው ምላሳቸው ላይ ያደርጋሉ]

ዳኜ፦ ኧረ ጋሼ!

መክብብ፦ ዝም በል፣ ባሩድ በጥርስ ነው የሚለየው። [ይነክሳሉ] መረር ይላል። ከኋላ ደግሞ ለብለብ ያደርጋል። በቃ፣ ጨርሻለሁ። ቀስ ብሎ የሚቃጠል፣ የድሮ፣ የወታደር ባሩድ። ሃምሳውንም ጥይት ያለ ሐሳብ እንተኩሰዋለን።

ዳኜ፦ እርግጠኛ ነዎት?

መክብብ፦ እንደ ስሜ!

ዳኜ፦ መጀመሪያ የሚተኩሰው ማን ነው?

መክብብ፦ እኔ ነኛ። እንግዳ አይደለሁ?

ዳኜ፦ ሉሊትስ የት ትቆማለች?

መክብብ፦ አጠገቤ ነዋ፣ ፎቶ ልታነሳኝ።

ዳኜ፦ [እስክሪብቶውን ያስቀምጣል] እሺ። ካርቶኑን ይክፈቱት።

[ጋሼ መክብብ ፕላስተሩን ልጠው ይከፍታሉ። ባዶ ነው።]

መክብብ፦ ጥይቱስ?

ዳኜ፦ ሴትዮዋን አስፈቅጄ፣ ዛሬ ጠዋት ሠላሳ ዓመት ሠርቶ "አላውቅም" ላለኝ ሰውዬ ሰጠሁት። እሱ ያስወግደዋል። እሱ እንኳን ሲቀበለኝ ከፊቱ አርቆ ነው የያዘው።

መክብብ፦ ታዲያ ይሄን ከየት አመጣኸው?

ዳኜ፦ ከእትዬ ቦሰና ሱቅ።

መክብብ፦ ቦሰና ባሩድ ትሸጣለች?

ዳኜ፦ ጥቁር አዝሙድ ነው ጋሼ።

[አንዲት ቶዮታ ገብታ ፓርክ ታደርጋለች። ትኬት የሚሰጣት የለም።]

መክብብ፦ በእኔ ላይ? በዚህ ዕድሜዬ?

ዳኜ፦ ምን ላድርግ? ሦስት ቀን ሙሉ ለመንኩዎት። ሉሊት ደውላ አለቀሰችብኝ፣ "አባዬ እኔን አይሰማኝም" እያለች። ጥይቱን ይዤ ብመጣ ይተኩሱታል። ጣልኩት ብልዎት፣ በነጋታው ከሌላ ሰው ያመጣሉ። ፈራሁ ጋሼ። ዓይንዎን አሰብኩ፣ አጠገብዎ የምትቆመውን ልጅ አሰብኩ፣ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

[ጋሼ መክብብ ፎጣውን ከአንገታቸው ፈትተው ጭናቸው ላይ ያጥፉታል።]

መክብብ፦ እናቴ ጉንፋን ሲይዘኝ በጨርቅ ቋጥራ ታሸተኝ ነበር።

ዳኜ፦ አፍንጫዎ የተከፈተውም ለዚያ ነዋ።

መክብብ፦ እና ቅዳሜ ባዶ እጄን ልሂድ?

ዳኜ፦ ድፎ ዳቦ አዝዤልዎታለሁ። ጥቁር አዝሙድ ጣል ጣል ያድርጉበት ብያለሁ።

መክብብ፦ እሱስ ደግ አደረግህ። ግን ሰውየው ጠመንጃውን ዘርግቶ "ይሄ ምንድነው? ያ ምንድነው?" ቢለኝስ? ባለሙያ ነኝ ብዬዋለሁ እኮ። ምን እለዋለሁ?

ዳኜ፦ "አላውቅም" ይሉታላ።

መክብብ፦ [ጉሮሯቸውን ጠርገው] አላ... አላው... [ያስነጥሳሉ]

ዳኜ፦ ይማርዎት። አይዞዎት ጋሼ፣ ገና ረቡዕ ነው።