ጋሽ ቶላ ለአረም የነፉት ጡሩንባ

ሰው ከምን ከምን ይማራል ብትሉኝ መልሴ ዝግጁ ነው። አንዳንዱ ከዩኒቨርሲቲ፣ አንዳንዱ ከመከራ፣ እኔ ደግሞ ከኦቾሎኒ መጠቅለያ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። እትዬ ሸዋዬ ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከሰፈራችን መውጫ ጥግ ላይ ተቀምጠው ቆሎና ኦቾሎኒ ሲሸጡ መጠቅለያቸው በኪሎ የተገዛ አሮጌ ጋዜጣና መጽሔት ነበር። አሥረኛ ክፍል ላይ እኔና ትምህርት ከተለያየን በኋላ፣ ማለቴ እሱ እኔን ከተለየኝ በኋላ፣ ኦቾሎኒውን እየበላሁ ወረቀቱን ማንበብ ያዝኩ። ስለ ጨረቃ ስበት፣ ስለ ንቦች ጭፈራ፣ ስለ ኩላሊት ጠጠር ያወቅሁት እንደዚያ ነው። ችግሩ ጥቅሉ ሁልጊዜ ግማሽ ገጽ መሆኑ ነው። የኩላሊት ጠጠር እንዴት እንደሚፈጠር አሳምሬ አውቃለሁ። እንዴት እንደሚወጣ ግን እስከዛሬ አላነበብኩም።

ግማሽ ገጽ ያነበበ ሰው ደግሞ ዝም አይልም። ሙሉውን ያነበበው «ይመስለኛል» ሲል፣ ግማሹን ያነበበው «በቃ እንዲህ ነው» ይላል። ልብ ብላችሁ እዩ፤ ታክሲ ውስጥም አለ፣ ስብሰባ ላይም አለ፣ አንዳንዴም መድረኩ ላይ ነው። እኔ ከሁሉም የባስኩ ነበርኩ። ያገኘሁትን ሰው አቁሜ አስረዳለሁ። የሰፈር ልጆች «ፕሮፌሰር ኦቾሎኒ» የሚል ስም አወጡልኝ፤ እኔ የምሰማው ግን የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ጋሽ ቶላ ልውሰዳችሁ።

ጋሽ ቶላ የእድራችን ጡሩንባ ነፊ ነበሩ። ሰው ሲሞት ማለዳ ተነስተው፣ ከላይኛው አስፋልት እስከ ወንዙ ድልድይ ድረስ በየቅያሱ እየቆሙ ይነፋሉ። ከዚያ «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» ብለው የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ሞት የነገሩን እሳቸው ናቸው፤ የአባቴንም። ከራሳቸው ቤት ግን አንድም ቀን ሬሳ ወጥቶ አያውቅም፤ ቤታቸው ውስጥ ከእሳቸው በቀር ሰው አልነበረማ። «የእኔንስ ማን ይነፋል?» ይሉና ይስቃሉ። እኛም እንስቃለን። አሁን ሳስበው የሚያስቅ አልነበረም።

ትውልዳቸው ቆቃ ነው። ቆቃ ስላችሁ ሐይቁ ዳር እንዳይመስላችሁ፤ ሐይቁ ሥር ነው። ግድቡ ሲሠራ ውኃው የተኛው እነሱ መንደር ላይ ነው፤ ያኔ ልጅ ነበሩ። የእናታቸው ቤት፣ በረቱ፣ ደጃፉ ላይ የነበረው ሾላ፣ ሁሉም እዚያው ቀረ። ቤተሰቡ ተበተነ፤ እሳቸው ካዛንቺስ ደረሱ። ሌላው ሰው የተወለደበት ሲናፍቀው ሄዶ ቤቱን ያያል። ጋሽ ቶላ ሄደው የሚያዩት ውኃ ነው።

አንድ ጊዜ እኅታቸው ሞታ ለለቅሶ ወደዚያው ሄዱ። ሲመለሱ በቢጫ ጄሪካን ውስጥ አንድ ተክል ይዘው መጡ። ቅጠሏ ማንኪያ ይመስላል፤ አንገቷ እንደ ትንሽ ፊኛ አብጧል፤ ሥሯ መሬት አይፈልግም፣ ውኃ ላይ ተንሳፍፋ ነው የምትኖረው። አበባዋ ደግሞ ሐምራዊ ነው፣ ዓይን የሚይዝ። በርሜል ከወገቡ አስቆርጠው፣ ውኃ ሞልተው በራቸው ላይ አስቀመጧት።

«የት ነው የበቀለችው ጋሼ?» አልኳቸው።

«እናቴ ቤት ላይ።»

«ቤቱ ውኃ ሥር አይደል እንዴ?»

«እሷም ውኃው ላይ ናት። ልክ ከጣሪያችን በላይ። በጀልባ ወስደውኝ በእጄ ነው የለቀምኳት።»

ዛሬ ጣና ከተሸፈነ ወዲህ የዚህችን ተክል ስም የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ እምቦጭ ናት። ያኔ ግን ካዛንቺስ ውስጥ ስም አልነበራትም። «የጋሽ ቶላ አበባ» ነበረች፣ በቃ።

ተክሏ በርሜል የምታውቅ አልነበረችም። ብዙም ሳትቆይ በርሜሉን ሞላች፤ ሳፋ ጨመሩላት፤ ሳፋውንም ሞላች። ለጎረቤት አደሏት፤ የጎረቤትም ሳፋ ሞላ።

«መጣል ደግሞ አልችልም» አሉኝ አንድ ቀን። «ምን ላድርጋት ፕሮፌሰር?»

ፕሮፌሰር ከተባልኩ ወዲያ አላውቅም ማለት እንዴት ይሆንልኛል? ደግሞም አውቅ ነበር። በዚያው ሳምንት ከእትዬ ሸዋዬ በገዛሁት ጥቅል ላይ ልክ የእሷ ሥዕል ወጥቷል። ቆሻሻ ውኃ ውስጥ ያለውን ነገር በሥሯ እየሳበች እንደምታጠራ ተጽፏል። ወንዛችን ደግሞ ውኃነቱ የቀረው በስም ነው። «ወንዙ ውስጥ ይጣሏት ጋሼ፤ ታጠራልናለች» አልኳቸው፤ ስለ ሥር፣ ስለ ናይትሮጅን፣ ስለ ምኑም ግማሽ ሰዓት ያህል አስረዳኋቸው። ደስ አላቸው። ድልድዩ ሥር ውኃው ተኝቶ የሚውልበት ቦታ ነበር፤ እዚያ ወስደው አንድ ባልዲ ሙሉ ለቀቁ። «በይ እንግዲህ፣ እዚህም ዘመድ ይኑርሽ» ሲሏት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በጋው ሲያልቅ ድልድዩ ሥር ውኃ አይታይም ነበር። ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ፣ በላዩ ሐምራዊ። መጀመሪያ ሰው ሁሉ ወደደው፤ ፎቶ የሚነሱ ጥንዶች ሳይቀሩ መጡ። ቀጥሎ ትንኙ መጣ። ቀጥሎ ከላይ የሚወርደው ፌስታልና ጭራሮ ተክሏ ላይ እየተጠላለፈ ወንዙን ዘጋው። በበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ ውኃው መሄጃ አጥቶ ዳር ያሉት ቤቶች ውስጥ ገባ። በልግ እንዲህ ካደረገ ክረምቱ ምን ሊያደርግ ነው? ሰው መተኛት አቃተው።

የዚያን ሰሞን ኦቾሎኒ ገዝቼ እንደ ልማዴ ወረቀቱን ዘረጋሁት። ያው ሥዕል ነበር፣ ግማሹ። የዚያው ጽሑፍ ቀሪ ገጽ እጄ ገባ ማለት ነው። ገጹ የሚጀምረው «ነገር ግን» ብሎ ነው።

ከ«ነገር ግን» በኋላ ያለውን አልነግራችሁም፤ ወንዛችን ላይ አይታችሁታል። ፀሐይ ትከለክላለች፣ ዓሣ ታፍናለች፣ በእጅ ሲነቅሏት የተቆረጠችው ቁራጭ ሁሉ ሌላ ተክል ይሆናል። እኛም ሁለት ጊዜ ወርደን ነቅለናት ሁለት ጊዜ ተመልሳለች። በመጨረሻ ከአንድ መሥሪያ ቤት ባለሙያ መጣና ሰፈሩ ተሰበሰበ። ከክረምት በፊት ፀረ አረም መርጨት ግድ ነው ተባለ፤ ለመርጨትም እኔ ያለሁበት የወጣቶች ማኅበር ተመረጠ። ባለሙያው መነጽሩን አውልቆ ጠየቀ። «ለመሆኑ ማን ነው ይህንን ወንዝ ውስጥ የጨመረው?»

ጋሽ ቶላ እጃቸውን አወጡ። «እኔ ነኝ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ውኃ የገባባቸው ሰዎች አስተያየት ደስ አይልም። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። የሚያስረዳ ሰው የሚፈለግበት ቀን ቢኖር ያ ቀን ነበር። ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲያ በጸጸት ይሁን በሥራ ፍቅር እንጃ፣ የፀረ አረም መድኃኒቱን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መዝገበ ቃላት ይዤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቃል አነበብኩ። ሁለቱንም ገጽ። ቅጠል አቃጥሎ የሚተው ዓይነት አይደለም። ቅጠሏ ትጠጣዋለች፤ ከዚያ ራሷ ወደ ሥሯ ታወርደዋለች። ንፋስ ባለበት አይረጭም። ሁሉም በአንድ ቀን አይረጭም፤ በአንዴ ከበሰበሰ ውኃው ራሱ ይታፈናል። ከሁሉም በላይ ከታች ልብስ የሚያጥቡና ጎመን የሚያጠጡ ሰዎች አስቀድመው መስማት አለባቸው።

መስማት። በድምፅ ማጉያ እንዳናስነግር ካዛንቺስ ውስጥ ድምፅ ማጉያ የማይጮኽበት ሰዓት የለም፤ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ሰፈሩ ቆሞ የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጋሽ ቶላ ቤት ሄድኩ፤ በርሜሉ አጠገብ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ሰው እንዲሰማ ጡሩንባውን ቢነፉልን።»

«ጡሩንባ ለሞት ነው።»

«አውቃለሁ።»

በርሜሉን አዩት። «ይሁን። ይሄስ ሞት አይደል እንዴ።» ከዚያ ጎንበስ ብለው የበርሜሏንም ተክል እያወጡ ሳፋ ላይ መደርደር ጀመሩ። «ይቺንም ከእነሱ ጋር አድርጋት። አንዷ ከቀረች መልሳ ታመጣዋለች ብለህ የለ?» ብዬ ነበር። ባልኩት ነገር እንደዚያ ቀን አዝኜ አላውቅም።

በማግስቱ ማለዳ ነፉ። አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማሁ። «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ። ከቆቃ ያመጣኋት ቅጠል ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ድልድዩ ጋ ትሞታለች። እስኪነገራችሁ ድረስ ውኃውን ማንም አይንካ።» መልእክቱ አልጎደለም። ነገር ግን የእኛ ሰፈር ጡሩንባ ሲሰማ ቃሉን አይጠብቅም፤ ነጠላውን ይፈልጋል።

ሦስት ሰዓት ላይ ጭንብል አጥልቄ፣ ቦት ጫማ አድርጌ፣ መርጫውን በጀርባዬ አዝዬ ስደርስ ድልድዩ በሰው ተሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ድንኳኑን በጋሪ ጭኖ «የት ልትከለው?» እያለ ይዞራል። «ማን ነው የሞተው?» የሚለው ጥያቄ ከአፍ ወደ አፍ ሄዶ፣ ሄዶ፣ ጋሽ ቶላ ጋ ሲደርስ ቆመ። እሳቸውም እንደ ለቀስተኛ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሳፋዋን ይዘው ወንዙ አፋፍ ላይ ቆመዋል።

እኔ እንግዲህ ሕዝብ ሳገኝ ምን እንደማደርግ ታውቃላችሁ። ጭንብሌን አውልቄ ጀመርኩ፤ ስለ ሥር፣ ስለ ንፋስ፣ ስለ ጎመን።

«አንተ ልጅ» አሉ እትዬ ሸዋዬ፤ «ለቅሶ ላይ ንግግር አይረዝምም።»

ያኔ ነው የወጣኝ። «ወንዝ ውስጥ ይጣሏት ያልኳቸው እኔ ነኝ። ግማሹን አንብቤ ነው።»

ጋሽ ቶላ ቀና ሳይሉ መለሱ። «አንተ ነገርከኝ፣ እኔ ጣልኩ። አሁን እኔ ነፋሁ፣ አንተ ርጭ። ተካክለናል።» ሳፋዋን ዝቅ አድርገው ተክሎቹን ውኃው ላይ ለቀቁ፤ ዘመዶቻቸው መሃል ገብተው ሳይለዩ ቀሩ።

ረጨሁ። ለዚያ ቀን የተመደበውን ግማሽ የጀመርኩት ከእሳቸው እግር ሥር ነው። አበባው ላይ ሲያርፍ ጤዛ ይመስላል፤ ምንም የሚሆን አይመስልም። ዞር ስል አንድ ሽማግሌ ጋሽ ቶላን ትከሻቸውን ይዘው «እግዜር ያጽናህ» ይላሉ። ቀጥሎ ባለሱቁ ከድር «አላህ ሶብሩን ይስጥዎት» አለ። ከዚያ ሰልፍ ሆነ፤ በበልጉ ውኃ የገባባቸውም ሳይቀሩ። ሠላሳ ዓመት የእያንዳንዱን ቤት ሞት የተናገሩ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሐዘንተኛ ሆነው ቆሙ። የሳቀ ሰው አላየሁም። ድንኳኑም ተተከለ፤ ተጭኖ የመጣ ድንኳን አይመለስማ። ንፍሮ ተቀቀለ። ሰፈሩ እስከ ምሳ ሰዓት ተቀምጦ ስለ እኅታቸው፣ ስለ ቆቃ፣ ደግሞም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሊፈርስ ነው ስለሚባለው ስለ ራሱ ሰፈር ሲያወራ ዋለ። ሁላችንም አንድ ላይ የተቀመጥንበት የመጨረሻው ድንኳን እሱ ነበር።

አረሙ ቀስ እያለ ቢጫ ሆነ፣ ቡናማ ሆነ፣ ሰመጠ። የቀረውን ረጭተን በመንሽ አወጣነው። ክረምቱ መጥቶ ሄደ፤ አንድም ቤት ውኃ አልገባበትም። ከውኃ ያተረፍናቸውን ቤቶች በቀጣዩ ዓመት ግሬደር አፈረሳቸው።

ጋሽ ቶላ አሁን ጎተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። እትዬ ሸዋዬ ከከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ እኔ ከሌላው። ጡሩንባው ምስማር ላይ ተሰቅሏል። እዚያ ሞት የሚነገረው በስልክ መልእክት ነው፤ ንባቡን ጨርሰህ ወደ ሌላ መልእክት ታልፋለህ።

እኔ ግን ክረምት በወጣ ቁጥር ድልድዩ ሥር ወርጄ አያለሁ። የመድኃኒቱ ጽሑፍ «ተመልሳችሁ እዩ» ስለሚል ነው እላለሁ ለራሴ። በዚህ ከተማ አስፋልት ተነጥፎ ሳይደርቅ ለቧንቧ ይቆፈራል፤ ቀለም ተቀብቶ ሳይከርም ይላጣል። ሥራው ሁሉ ግማሽ ገጽ ነው። እኔ በዕድሜዬ ሁለቱን ገጽ አንብቤ የሠራሁት ሥራ አንድ ነው፤ እሱ ደግሞ እንከን አልወጣለትም። አንዲት ቅጠል እንኳን የለችም።

ከዚያ ጎተራ ሄጄ ደረጃውን እወጣለሁ።

«በቀለች?» ይሉኛል።

«አልበቀለችም ጋሼ።»

«ደህና አድርገህ ነው የሠራኸው ማለት ነው።»

እንደዚህ የከበደኝ ምስጋና የለም። ዘንድሮ አላስቻለኝም፤ አስረዳሁ። የዚህች ተክል ዘር ጭቃ ውስጥ ተኝቶ ብዙ ዓመት ይቆያል፤ ቀኑ ሲደርስ ይበቅላል፣ አልኳቸው። እንደዚያ ጆሮ ሰጥቶ የሰማኝ ሰው የለም።

«ስንት ዓመት ይቆያል?»

«ብዙ።»

«ከእኔ ይበልጣል?»

ውሸት አልለመድኩም፤ ግማሽ እውነት ነው የለመድኩት። «ሳይበልጥ አይቀርም ጋሼ።»

ተነሱ። ጡሩንባውን ከምስማሩ አውርደው በእጅጌያቸው ጠረጉት፤ አስያዙኝ። «እንግዲያው አንተ እየሄድክ እያት። ብትበቅል ንፋ፤ የሚሰማ ካለ ይመጣል።»

ብትበቅል መርጨት ያለብኝም እኔው ነኝ። ሁለቱንም ገጽ አንብቤያለሁ፣ አውቃለሁ። መጀመሪያ ግን እነፋለሁ።