አብዮታዊ ቁራኛ እስከ ገዳሪፍ

ቀን፦ ጥር 14 ቀን 1975 ዓ.ም.
ቦታ፦ ደባርቅ፣ የላይ ገበያ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት

የተገኙ፦ ጓድ ያርጋል (ሊቀመንበር)፣ ጓድ ዋሴ (አብዮት ጥበቃ)፣ ጓድ በለጠች (የሴቶች ተጠሪ)፣ ጓድ አባባ ቢራራ (የሽማግሌዎች ተወካይ)፣ ክንዴ (ጸሐፊ)። ያልተገኘ የለም። ምልዓተ ጉባኤው ስለተሟላ መፈክር ተሰምቶ ስብሰባው ተከፈተ።

አጀንዳ 1፦ የየመን ዜጋው ባለሱቅ የአቶ ሳሊም ሙቅቢል ጥያቄ

አቶ ሳሊም ቀርበው፣ ልጃቸው ገዳሪፍ ልትዳር መሆኑን፣ አባት ካልቆመላት ኒካሕ እንደማይታሰርላት፣ የሱዳኑ ኬላ ሹም የሙሽራው አጎት ስለሆነ ያለ ቪዛ እንደሚያስገባቸው ገልጸው፣ የይለፍ ወረቀት ብቻ ጠየቁ።

ጓድ በለጠች «እኛ ዳባት ገበያ ለመውረድ ወረቀት እንጠየቃለን። ሱዳን በሯን ከፍታ የምትተኛ ምን ዓይነት ቤት ናት?» ሲሉ ተቃወሙ። ጓድ ዋሴ ሰውየው ሄዶ ቢቀርስ ብለው ሰጉ። አቶ ሳሊም «ሱቄንና ሚስቴን ጥዬ ወዴት እቀራለሁ?» አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ ዋስ እንዲጠሩ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ስለ ዋስ

ዋስ የሚሆን ቢፈለግ ጓድ ዋሴን ወገባቸውን አመማቸው፤ ጓድ በለጠች ሰውየውን በደንብ እንደማያውቋቸው ተናገሩ (ጎረቤት ናቸው)። ጓድ አባባ ቢራራ ግን «በእኛ ጊዜ ዋስ ቤቱ ተቀምጦ አይዋስም ነበር፤ ከሰውየው ጋር በኩታ ጫፍ ተቋጥሮ አብሮ ይሄዳል። ቁራኛ ነው ልጆቼ!» አሉ። ሊቀመንበሩ ቁራኛ የፊውዳል ቅሪት መሆኑን አስገነዘቡ። «አብዮታዊ» የሚል ቃል ከፊቱ ሲጨመርበት ጸደቀ።

ዋስ እስከ ገዳሪፍ አብሮ መሄዱ እንደታወቀ፣ ሊቀመንበሩ ሐሳቡን ሳይጨርሱ ሁሉም እጅ አወጣ። ጓድ ዋሴን ወገባቸውን ተሻላቸው። ጓድ በለጠች ሁለት እጅ አውጥተው አንዱ ተሰረዘባቸው። ጓድ አባባ ቢራራ «ለጉልበትህ ቆላ ይስማማሃል ተብያለሁ» አሉ። በመጨረሻም ለአቶ ሳሊም ጓድ ዋሴ፣ ለጓድ ዋሴ ጓድ በለጠች፣ ለጓድ በለጠች ጓድ አባባ ቢራራ፣ ለእሳቸው ሊቀመንበሩ ዋስ ሆኑ። ጸሐፊውም እጁን አውጥቶ ነበር፤ ብዕር የያዘ እጅ ድምፅ አይሆንም ተባለ። ስብሰባው ሠርጉ እስኪያልፍ ተቋረጠ፤ አቶ ሳሊምና ዋሶቹም በጋቢ ጫፍ ተቆራኝተው በመተማ መንገድ ወጡ።

አጀንዳ 3፦ የተቋረጠው ስብሰባ ሲቀጥል፣ የካቲት 9

የተገኙ፦ ጸሐፊው፣ አቶ ሳሊም።

አቶ ሳሊም ባዶ ጋቢዎቹን አጣጥፈው አስረከቡ። ኒካሑ በሰላም መታሰሩን፣ እልልታውን ጓድ በለጠች ማቅለጣቸውን መሰከሩ። ዋሶቹ የት እንዳሉ ሲጠየቁ፣ «እነሱ ለእኔ ተዋሱ እንጂ እኔ ለማን ተዋስሁ? ይልቅ ሱቄን ልክፈት» አሉ።

በሁለት ድምፅ የተላለፈ ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። አቶ ሳሊም ከደባርቅ አልወጡም፤ ስለዚህ የተከተላቸው ዋስ የለም፤ ስለዚህ የቀረ የለም። አራቱም ጓዶች ዛሬ እንደተገኙ ይቆጠራል።

ከመዘጋቱ በፊት ጸሐፊው፣ አቶ ሳሊም ያልተዳረች ሌላ ልጅ ትኖራቸው እንደሆነ ጠየቀ። «አንዲት አለችኝ» አሉ።

ለሚቀጥለው ስብሰባ ብዕር የሚይዝ ሌላ ሰው እንዲፈለግ ተወስኖ፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ተዘጋ።