የማን አገር 5ጂ ነው?

አምቦ ውስጥ አዲስ ስልክ የያዘ ሰው ሲታይ «እንኳን ደስ ያለህ» ማለት ቀርቷል። «ስንት ጂ ነው?» ነው የሚባለው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ስንት ኪሎ ነው እንደሚባለው ማለት ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ጠያቂው ራሱን በአድናቆት ይነቀንቃል። ዝቅ ካለ ደግሞ «ግድ የለም፣ ድምፅ ካሰማ ይበቃል» ብሎ ያጽናናል። «ጂ» ምን እንደሆነ ግን ጠያቂውም ተጠያቂውም አያውቁም። እኔ አውቅ ነበር። ትውልድ ማለት ነው፤ 5ጂ ደግሞ አምስተኛው ትውልድ። የፊዚክስ አስተማሪ ነኛ! አሥራ ስምንት ዓመት የጠመኔ አቧራ የቃመ ሰው ይህን ካላወቀ ማን ይወቅ?

ይኸውላችሁ፣ ሰው የሚዋረደው በማያውቀው ነገር አይደለም። አውቃለሁ በሚለው ነው።

ነገሩ የመጣው በባለቤቴ በሌሊሴ በኩል ነው። ሌሊሴ አዋላጅ ነርስ ናት። ሸነን፣ ገጠር ጤና ጣቢያ፣ አምስት ዓመት ሠርታ ነው ወደ አምቦ የተዛወረችው። ሁለተኛ ዲግሪዋን መማር ከተጋባን ጀምሮ የምታነሳው ምኞቷ ነው። አምና ለአንድ ዩኒቨርሲቲ አመለከተች፣ ወረቀቷ አለፈላት፣ በቪዲዮ ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። ሳሎን ተቀምጣ፣ ጸልያ፣ የሥራ ጋውኗን እንደ ሙሽራ ልብስ ተኩሳ ለብሳ ጠበቀች። ጠያቂዎቹ «እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪን» አሏት። ሌሊሴ አፏን ከፈተች፤ ምስሉም እዚያው ላይ ቆመ። አፏን እንደከፈተች ቀረች። እኔ ከጓዳ ሆኜ «ሄሎ! ሄሎ!» እላለሁ፤ ማን ሊሰማኝ? አምቦ የተማሪ ከተማ ናት። ተማሪው ሁሉ ስልኩ ላይ በሚጣድበት ሰዓት 4ጂው የቅዳሜ ገበያ መንገድ ይሆናል፤ አህያውም ባጃጁም እኩል ይቆማል። በማግስቱ «የተቋረጠ ቃለ መጠይቅ አይደገምም» የሚል አጭር መልእክት ደረሳት። ሦስት ቀን ሙሉ ከ«ብላ» እና ከ«ደህና እደር» በቀር ቃል አልወጣትም።

ዘንድሮ እንደገና ተጠራች። አሁንም በቪዲዮ ብቻ። «እዚያው ሄደሽ ለምን አትቀርቢም?» ብላት ደብዳቤውን ገፋ አደረገችልኝ። «በአካል መቅረብ አይቻልም» ይላል። እንግዲህ ባል ነኝ፣ ያውም የፊዚክስ ባል! በዚያው ሰሞን 5ጂ አምቦ ገባ፣ መናኸሪያው አካባቢ ይሠራል ተባለ። ወዲያውኑ ከውጭ ከመጣ ሰው አንድ የሚያብለጨልጭ ስልክ ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ 5ጂ ይላል። ጀርባው ላይ 5ጂ ይላል። ሲከፈትም 5ጂ ይላል። ምን ቀረ? «ሌሊ፣ ዘንድሮ አፍሽ ተከፍቶ አይቀርም» አልኳት። አልሳቀችም። «እስቲ እናያለን» አለች።

አየን። ስልኩ ግንባር ላይ 4ጂ ይላል። አጥፍቼ አበራሁት፤ 4ጂ። መናኸሪያ ይዤው ሄድኩ፤ 4ጂ። ወደ ሰማይ አንስቼ እንደ አንቴና አዞርኩት፤ ያው 4ጂ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት እኮ እንዲህ ነው፤ እኔ ላሟን በኪሴ ይዤ ወተቷን አላይም።

እንዲህ እጄን ሰቅዬ ስዞር ጎረቤቴ ኦቦ ገመቹ አገኙኝ። ኦቦ ገመቹ ከግብርና ጡረታ የወጡ፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ፣ ከዚያም ቀስ ብለው የሚያወሩ ሰው ናቸው። እኔን የሚጠሩኝ «ባርሲሳ» እያሉ ነው፤ መምህር ማለት ነው።

«ባርሲሳ፣ ማል በርባዳ? ምንድነው የምትፈልገው?»

«5ጂ ነው ኦቦ።»

ከልባቸው አዘኑ። «መቼ ነው የጠፋብህ?» አሉኝ።

ያልነካሁት ነገር የለም። የስልክ አገልግሎት መስጫው ዘንድ ስሄድ አንዲት ሠራተኛ ሲም ካርዴን አውጥታ እንደ ቅርስ አገላብጣ አየችው። ይህ ሲም የወጣው በጥንቱ ዘመን ነው፣ 5ጂን አያውቀውም፣ ይቀየር አለችኝ። ቁጥሬን ሳልለቅ ተቀየረልኝ። ለካስ የሰው ስልክ ቁጥር ሁሉ ያስቀመጥኩት አሮጌው ሲም ላይ ነበር። ወዲያው ስልኬ ጠራ፤ «ማን ልበል?» አልኩ። እናቴ ናት። ከዚያ በኋላ የሆነውን አትጠይቁኝ። ስልኩ ግን አሁንም 4ጂ ነው። ማስተካከያው ውስጥ ገባሁ፤ «5ጂ ቅደም» የሚለውን መረጥኩ። መረጥኩ እንጂ አልተመረጥኩም።

ለቃለ መጠይቁ አምስት ቀን ቀረ። ሌሊሴ ማታ ማታ ታነባለች። ምንም አልጠየቀችኝም። አለመጠየቋ ነው ይበልጥ ያሳመመኝ።

በመጨረሻ ኦቦ ገመቹ «የኛ ሐዊ ጋ ለምን አትወስደውም?» አሉኝ። ሐዊ መናኸሪያው አጠገብ ስልክ የምትጠግን ልጅ ናት፤ ልጅ እላለሁ እንጂ ሱቅ ከፍታ፣ መነጽር አድርጋ፣ ሰው ተሰልፎ የሚጠብቃት ሆናለች። ያስተማርኳት ተማሪዬ ናት። ስታየኝ ብድግ አለች፣ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ስልኩን ተቀበለችና ካርቶኑን አላየችም፤ ጀርባውንም አላየችም። ማስተካከያው ውስጥ ገብታ «ስለ ስልኩ» የሚለውን ከፈተች። የሞዴል ቁጥር ጻፈች። ከዚያ የራሷን ስልክ አውጥታ ያንን ቁጥር ፈለገችው።

«ቲቸር፣ ይቺን ከቁጥሩ መጨረሻ ያለችውን ጅራት ያዩዋታል?»

«አየኋት።»

«ይሄ ስልክ ስሙ አንድ ነው እንጂ አራት ወንድማማች ነው። አንዱ ለአንድ አገር፣ ሌላው ለሌላ አገር ተብሎ ነው የተሠራው። መልካቸው አይለይም። የሚሰሙት ሞገድ ነው የሚለየው። የእርስዎ ለሩቅ አገር የተሠራው ነው።»

«ጀርባው ላይ እኮ 5ጂ ይላል!»

«አልዋሸም» አለች ረጋ ብላ። «5ጂ ነው። የእኛ 5ጂ አይደለም እንጂ። ራዲዮን ያስቡት። ጣቢያው በአንድ ድግግሞሽ ይጮኻል፤ የእርስዎ ራዲዮ ደግሞ እዚያ ድረስ አይዞርም።»

ድግግሞሽ! ጆሮዬ ጋለ። ያችን ቃል እኮ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፋት እኔ ነኝ! ሐዊ አሥረኛ ክፍል ሳለች እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ይሄ ድግግሞሽ የሚባል ነገር ከክፍል ውጭ የት ይገኛል?» ብላኝ ነበር። «ፈተና ላይ ይገኛል» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም በመልሴ ኮራሁ። ለካስ ኪሴ ውስጥ ነበር የሚገኘው። እሷ ያንን ቀን አላነሳችብኝም። ረስታው ይሆን፣ ወይስ አክብራኝ? እስካሁን አላውቅም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እኔ ጠምጥሜ አሥራ ስምንት ዓመት ዞርኩ።

ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር ያዘኝ። ሌሊሴ «ኩፍኝ ወጣብህ» ነው ያለችው። ስልክ ባየሁ ቁጥር «ሞዴልህን አሳየኝ» ማለት ጀመርኩ። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የቀረ ስልክ የለም። እንዴት ደስ የሚል ነገር መሰላችሁ! የሒሳብ አስተማሪያችን ስልክ ሁሉ ነገር ተሟልቶለታል፤ ባትሪ እንዳይበላ ብሎ ራሱ 4ጂ ላይ ቆልፎት ኖሯል። የርእሰ መምህራችን ደግሞ ሞዴሉም ሞገዱም ልክ ነው፤ ግን ፋብሪካው ለዚህ አገር ኔትወርክ የሚፈቅድለትን ማሻሻያ ገና አልላከለትም። ዝውውሩ ጸድቆ ደብዳቤው ያልደረሰው መምህር በሉት። ሁለቱንም ልዋስ ብዬ ነበር። የሒሳቡ ሰው በቃለ መጠይቁ ቀን ጊንጪ ለቅሶ ሊሄድ ነው። የርእሰ መምህሩ ማሻሻያ ደግሞ መቼ እንደሚመጣ ፋብሪካው ይወቅ።

ሁለት ቀን ሲቀር አጥር ላይ ቆሜ ከኦቦ ገመቹ ጋር ስናወራ፣ ሰዓት ሊያዩ ስልካቸውን ከኮታቸው አወጡ። ልጃቸው አዲስ ስትገዛ የተወችላቸው ነው። መስታወቱ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። አንዱ ጥግ በፕላስተር ታስሯል፤ የቁስል ፕላስተር ነው። ኩፍኙ ስላለብኝ «ሞዴልዎን ያሳዩኝ» አልኳቸው። አሳዩኝ። ለሐዊ ደውዬ ቁጥሩን ከነጅራቱ ነገርኳት።

«ቲቸር፣ ይሄማ የኛው ነው!» አለችኝ።

ሲማቸውንም ልጃቸው ቀይራላቸው ነበር። ሦስታችን መናኸሪያው አጠገብ ቆመን ሐዊ ማስተካከያውን ብትከፍተው፣ በዚያ ስንጥቅ መስታወት ላይ 5ጂ የሚል ጽሑፍ ብልጭ አለ። እኔ ልዘል ምንም አልቀረኝም። ኦቦ ገመቹ አዩት፣ አዩትና «አሁን ምን ላድርገው?» አሉኝ።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። እቤታችን ድረስ 5ጂው አይመጣም፤ ስለዚህ ቃለ መጠይቁ ሐዊ ሱቅ ውስጥ፣ በኦቦ ገመቹ ስልክ ሆነ፤ ቁጥራቸውን ሌሊሴ ለጠያቂዎቹ ቀድማ አሳውቃለች። ሐዊ የተበታተኑ ስልኮቿን ሰብስባ፣ ግድግዳው ላይ ነጭ ነጠላ ሰቅላ ጠበቀችን። ውጭ የመኪና ተጣሪው «ጉደር፣ ጉደር፣ ጉደር!» ይላል። ኦቦ ገመቹ በር ላይ ቆሙ። በትራቸውን ይዘው፣ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ለሚጮኸው ሁሉ «ቀስ፣ ቀስ፤ ውስጥ ፈተና አለ» ይላሉ። ታምናላችሁ? ተጣሪው «ጉደር»ን በሹክሹክታ መጥራት ጀመረ።

ጀመሩ። ሦስት ጠያቂዎች ናቸው። ምስሉ እንዴት ጥርት ይላል! ሰብሳቢያቸው ሲያስነጥሱ እኔ «ይማርዎ» ልል ነበር። ሌሊሴ ስለ ራሷ ተናገረች፤ አፏ ተከፍቶ ተዘጋ፣ ተከፍቶ ተዘጋ። ሁለተኛው ጥያቄ መጣ፣ መለሰች። ሦስተኛው ሊጠየቅ ሲል ምስሉ ቆመ።

ግን ሌሊሴ አይደለችም የቆመችው። እነሱ ናቸው! ሦስቱም ጠያቂዎች አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። «በእነሱ በኩል ነው» አለች ሐዊ። አንዱ ጫፍ ፈረስ ቢሆን ሌላው ኤሊ ከሆነ ጉዞው በኤሊ ነው፤ ይህን ማን አሰበው? ሌሊሴ ወደ እኔ ዞረች። ያቺን ዓይን አምናም አይቻታለሁ።

ያኔ ስልኩ ጠራ። የተራ ጥሪ፣ የድምፅ ብቻ። ሰብሳቢው ናቸው፤ በእኛ በኩል ኔትወርክ አስቸግሮናል፣ ይቅርታ፣ በድምፅ እንቀጥል አሉ። ሌሊሴ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ድምፁን ከፈተችው። ብመለከት፣ ያ ስንት የለፋሁበት 5ጂ ጠፍቶ 3ጂ ይላል! እጄን ሰደድኩ። ሐዊ እጄን ያዘችኝና በጆሮዬ «ይተዉት ቲቸር። ለተራ ጥሪ ወደ ድሮው ይወርዳል። ሥራው ነው» አለችኝ።

ሰብሳቢው ጠየቁ። «አንዲት እናት ገጠር ጤና ጣቢያ ወልዳ ደም ይፈሳታል። ብቻሽን ነሽ። አምቡላንስ የለም፣ ስልክም አይሠራም። ምን ታደርጊያለሽ?»

ሌሊሴ ፈገግ አለች። «ይሄ ሸነን ሳለሁ ደርሶብኛል» አለች። ደም የሚያቆመውን መርፌ ወጋኋት፤ የሽንት ፊኛዋን ባዶ አደረግሁላት፤ ማህፀኗ እንዲኮማተር በእጄ ማሸት ጀመርኩ፤ እጄን ሳላነሳ በመስኮት ለጎረቤት ጮህኩ አለች። ስምንት ወንዶች ቃሬዛ ይዘው መጡ። ሁለት ሰዓት መንገድ እነሱ ተሸክመው፣ እሷ ከጎን እጇን የእናቲቱ ሆድ ላይ እንዳደረገች፣ እየሮጠች፣ እየወደቀች።

«ዳነች?» አሉ ሰብሳቢው፤ ይሄ ከወረቀቱ ላይ ያለ ጥያቄ አልመሰለኝም።

«ዳነች። ልጇን በስሜ ጠራቻት።»

ስምንት ዓመት አብሬያት ስኖር ይህን ነግራኝ አታውቅም። ወይስ ጠይቄያት አላውቅም? በሩ ላይ ኦቦ ገመቹ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ዓይናቸውን በኮታቸው እጅጌ ጠረጉ። አቧራ ነው አሉ።

አለፈች። ይሄውና እየተማረች ነው። አሁን «ታዲያ 5ጂ ምን ያደርጋል?» ብዬ የምመክራችሁ መስሏችኋል። አልመክርም። ስልክ ስትገዙ የሞዴሉን ቁጥር ከነጅራቱ እዩ፣ የአገራችሁን ሞገድ ይሰማ እንደሆነ ጠይቁ፣ ሲማችሁን አድሱ። የሚያውቅ ተማሪ ካላችሁም አክብሩት።

ሌሊሴ ለምዝገባ ስትሄድ እኚያው ሰብሳቢ ኮሪደር ላይ አወቋት አሉ። «አንቺ የአምቦዋ ነሽ አይደል?» አሏት። «ያን ቀን የሁሉም ምስል ሲቆራረጥ ዋለ፤ ያንቺ ብቻ እንደ መስታወት ነበር። እኛ እንኳ እዚህ ተቀምጠን ጠፋን። ለመሆኑ ምን ዓይነት ስልክ ነው የምትጠቀሚው?»

ሌሊሴ ብዙም አላሰበችበትም።

«የጎረቤት» አለቻቸው።