ከዓሣ አጥማጁ እግር ሥር

የእጅ ጽሑፌ የዶሮ ጭረት ስለሚመስል፣ ፊደልም ስለምስት ይቅርታ አድርጉልኝ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ነው፤ እሱንም ከኋላ ወንበር ተደብቄ።

እኛ የጎንደር ሰዎች ግን የዕቃ ዕድሜ ለመገመት ትምህርት አያስፈልገንም። ያረጀ ነገር ሁሉ የፋሲል ዘመን ነው። ጎረቤታችን እማማ ጥሩነሽ የተሰነጠቀ ጋናቸውን ሳይቀር የፋሲል ነው ይሉታል፤ ሲገዙት ግን አብሬያቸው ገበያ ነበርኩ።

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ደሳለኝ ከቻይኖች ጋር መንገድ ሲሠራ ቆይቶ፣ ከዝሆን ጥርስ የተቀረጸ አውራ ጣት የሚያህል ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ ይዞ መጣ። እናቴም «የፋሲል ነው?» አለችው። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

እኔን መስኮት ሥር አስቀምጦ አስተማረኝ።

«ገልብጪና ከሥሩ እዪ። የዝሆን ጥርስ እንደ መረብ የተጠላለፈ ቀጭን መስመር አለው። አጥንት ከሆነ ግን በመርፌ የተወጋ የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ታያለሽ።»

ከሽማግሌው እግር ሥር ቀይ የቻይና ማኅተም ነበር። የጥንት ንጉሣቸው ስም ነው አለኝ፤ ግን ትናንት በተሠራውም ላይ ይቀርጹታል። በፈረንጅ ፊደል የአገሩ ስም ከተጻፈበት ደግሞ ለውጭ ገበያ የተሠራ የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው።

«ታዲያ ማኅተም ይዋሻል?»

«ምነው፣ የቀበሌያችን ማኅተም አይዋሽም?» ብሎ ሳቀ።

አባቴ ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

ያን ክረምት ጋሼን፣ ሽማግሌው በኪሱ እንዳለ፣ የቀበሌ ታጣቂዎች ከመንገድ ላይ ወሰዱት። የት እንዳለ የሚነግረን ጠፋ። እናቴ እህል አልቀምስ አለች። በዚያ ላይ፣ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እንዲህ ተወስዶ ለቀረ ልጅ ድንኳን ተጥሎ አይለቀስም። ያለቀሰ ይጠየቃል።

አንድ ቀን አባቴ ከአዘዞ ተመልሶ ዓሣ አጥማጁን ከኪሱ አወጣ።

«አንድ ሾፌር ነው የሰጠኝ። ደሳለኝ ደኅና ነኝ፣ ለእማዬ ስጡልኝ ብሏል።»

እናቴ እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ደግሞ በነጠላዋ ያዘችው። ሽማግሌውን ደጋግማ ሳመችው። ያን ቀን በላች።

እናቴ ገልብጣ አታይም። ብታይም ፊደል አልቆጠረችም። እሷ ጓዳ ስትገባ እኔ ገለበጥኩት። መረብ የለውም። ጥቁር ነጠብጣብ ሞልቶታል። በቀዩ ማኅተም ፈንታ በፈረንጅ ፊደል ቻይና ይላል። ለዚህ ስድስተኛ ክፍል ትበቃለች።

ቀና ስል አባቴ እያየኝ ነበር።

«ምነው ልጄ?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

«ሸጋ ነው አባባ» አልኩት።

እናቴ አሁንም ልጇን ትጠብቃለች፤ ስለ እሱ ስታወራ ትስቃለች፣ እኛም አብረናት እንስቃለን። ጋሼ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ግን አባቴ ሌላ ሽማግሌ ፈልጎ አይገዛም ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለአባቴም ቢሆን።