ምስማር ላይ የተሰቀለው ገዢ

ትናንት ከባለቤቴ ከፋናዬ ጋር ጀርባ ለጀርባ ሆነን ተኛንና እንዲህ ያለ ሕልም አየሁ።

ሁለታችንም ሱቅ ሄደን ነበር። ለቤታችን የሌባ ማንቂያ ደወል ልናስገባ ስለሆነ መቆጣጠሪያውን ልንመርጥ ነው የሄድነው። መቆጣጠሪያ የምለው ግድግዳ ላይ የሚገጠመውን ሳጥን ነው፤ ሰው ሲወጣ ደወሉን የሚያበራበት፣ ሲገባ ደግሞ የምስጢር ቁጥር መትቶ የሚያጠፋበት። በእውኑም የተኳረፍነው በዚሁ ሳጥን ነው። ፋናዬ ጎላ ጎላ ያሉ ቁጥሮች ያሉት፣ በጣት ሲጫኑት ቀጭ የሚለው ይሁን ትላለች። እኔ ደግሞ ስክሪን ያለው፣ ከስልኬ ጋር የሚነጋገረው ይሁን እላለሁ። "ከስልክህ ጋር ለመነጋገር አንተ መች አነስክ" ብላኝ ነው ፊቷን ያዞረችው።

በሕልሜ ግን ኩርፊያው የለም። እኔ ኮቴን ለብሻለሁ፣ እሷ ነጠላዋን ጣል አድርጋለች፤ ተያይዘን ገባን። ገና በሩን እንዳለፍን ቀጥ ብለን ቆምን። ሳጥኖቹ በሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አንዳንዶቹ እግራቸውን አነባብረው ለስላሳ ይጠጣሉ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰዎች ናቸው።

"ኑ፣ ኑ፣ ቦታ አለ" አለን ባለሱቁ። ባለሱቁ የመብራት ቆጣሪ ነበር፤ ሆዱ ውስጥ ክብ ነገር ትሽከረከራለች።

"እኛ እኮ ገዢዎች ነን" አልኩት።

"የመጣ ሁሉ መጀመሪያ እንደዚያ ይላል" አለና በኮቴ አንገትጌ አንጠልጥሎ ምስማር ላይ ሰቀለኝ። ፋናዬንም ከቀኜ ሰቀላት። ከዚያ ደረታችን ላይ ወረቀት ለጠፈ። አንገቴን ደፍቼ የራሴን ባነበው "ሽብሩ፤ ያገለገለ" ይላል። ሽብሩ ስሜ ነው። የፋናዬ ላይ "እንደ አዲስ" ተብሎ ተጽፏል። እሷ አንብባ ፈገግ ስትል አየኋት።

ከግራዬ አንድ ጺማም ሰውዬ ተሰቅሏል። "አይዞህ፣ ምስማሩ ይለመዳል" አለኝ።

"ብዙ ቆየህ?"

"ሁለቴ ተሸጬ ሁለቴ ተመለስኩ። አንደኛው ቤት እንቅልፍ ያበዛል አሉኝ። ሁለተኛው ቤት ደግሞ፣ ሌባ ሲገባ እንደመጮህ 'እንብላ' ብሎ ይጋብዛል አሉኝ። እየበላሁ ነበር፣ ምን ላድርግ?"

ይሄን ስናወራ አንዲት አሮጊት ሳጥን ገቡ። ከቁጥሮቻቸው አንዳንዱ ከመነካካት ብዛት ደብዝዟል። ፋናዬ የምትፈልገው ዓይነት ሳጥን ናቸው። ባለሱቁ ከመቀመጫው ተነስቶ "እትዬ፣ ምን ልታዘዝ?" አላቸው።

"ጥሩ ቤተሰብ ፈልግልኝ" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። "ሌባ ገባብኝ።"

"ውይ! ምን ወሰደብዎት?" አልኩኝ ከተሰቀልኩበት።

አሮጊቷ ወደ ላይ አንጋጠው እንደ እብድ አዩኝ። "ሌባ ምን ይወስዳል? ሁለት ቁም ሳጥንና አንድ ፍሪጅ ጥሎብኝ ሄደ እንጂ! ጎረቤቴንማ አልጋ ከነፍራሹ አስገብተውባት አሁን በጎን ነው የምትተኛው።"

የተሰቀለው ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። እኔም ከሰው ላለመለየት መጠጥኩ።

አሮጊቷ ወደ እኔ ተጠግተው ግንባሬን በጣታቸው ጫን አደረጉኝ። "ቲት" አልኩ። ሳላስበው ነው ያልኩት።

"ድምፁስ ደህና ነው። መብራት ሲጠፋ ትሠራለህ?"

"መብራት ሲጠፋ እተኛለሁ።"

"ባትሪ የለውም" አሉት ለባለሱቁ። "ስንት ክፍል መጠበቅ ትችላለህ?"

"የተቀመጥኩበትን።"

"ድመት ስታልፍ በከንቱ ትጮሃለህ?"

መልስ ሳልሰጥ ፋናዬ ከምስማሯ ላይ ቀደመችኝ። "ዝንብ ስታልፍ ይጮሃል! ጨው በዛ ብሎ ይጮሃል፣ ካልሲዬ ጠፋ ብሎ ይጮሃል። ካልሲው እግሩ ላይ ነው!"

ባለሱቁ ሲስቅ ሆዱ ውስጥ ያለችው ነገር ቶሎ ቶሎ ዞረች። አሮጊቷ ወደ ፋናዬ ዞሩ።

"አንቺስ ልጄ፣ ትጮሂያለሽ?"

"አልጮህም። ዝም ብዬ ነው የማየው።"

አሮጊቷ ትንሽ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። "ይሄ ከጩኸት ይብሳል፤ ሌባ አይጠጋኝም" አሉ። "ይህችን ካርቶን ውስጥ አድርግልኝ።"

"ኧረ እንዴት ይሆናል!" ብዬ ጮህኩ። "ባልና ሚስት ነን፣ አትነጣጥሉን!"

ባለሱቁ ወረቀቶቻችንን አየ። "እዚህ ላይ አልተጻፈም።" አሮጊቷ ግን ደግ ቢጤ ስለሆኑ ፋናዬን ጠየቋት። "እውነት ባልሽ ነው?"

ፋናዬ አየችኝ። ሕልም ቢሆንም ያ አስተያየት የእሷ ነው፤ አልተለወጠም። "ሲተኛ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው የተኛው" አለች።

"አንቺም ሰጥተሽኛል!"

"እኔ የሰጠሁህ ከሰጠኸኝ በኋላ ነው።"

"ይህ ነገር ብዙ ነው" አሉ አሮጊቷ። ካርቶኑን በፕላስተር አሽገው ተሸክመዋት ወጡ። እግሮቼን አየር ላይ አወራጨሁ፤ ምስማሩ ግን አልለቀቀኝም። ካርቶኑ በበሩ ሲያልፍ ወገቧን እንዳይመታት ብቻ ነበር የማስበው፤ ወገቧን ያማታል። ልናገር ስል ከአፌ የወጣው "ቲት" ብቻ ሆነ።

ወዲያው አንድ ወጣት ሳጥን ገባ። መላ ፊቱ ስክሪን ነው፤ ያብለጨልጫል። ስንት ቀን ሙሉ ያማረኝ ሳጥን ይኸው እሱ ነው። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ባለሱቁን ጠየቀው።

"ይሄ ከማን ጋር ይገናኛል?"

"አሁን ከማንም ጋር አይገናኝም። ከሱ ጋር የምትገናኘዋን አሁን ሸጥናት።"

"እሰይ፣ እንደዚያ ያለ ነው የምፈልገው" አለና ብብቱ ሥር ወሽቆኝ ሄደ።

ከዚያ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ጀርባዬ አንድ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ከበሩ አጠገብ ነኝ። ቤቱ ሰፊ ነው፤ ውስጡ ግን ወንበር የለ፣ ምንጣፍ የለ፣ ማንኪያ የለ። ወጣቱ ሳጥን ደረቱን ነፍቶ አስጎበኘኝ።

"ተመልከት፣ አንድ ነገር የለንም። አባቴም አንድ ነገር አልነበረውም። ለልጆቼም የማወርሰው ይህንኑ ነው። ሌባ መጥቶ አንድ ጭልፋ ቢጥልብን ግን ስማችን ጠፋ ማለት ነው።"

"ሌባው የጣለው እቃ ከተያዘ ምን ይደረጋል?" አልኩት።

"ወደ ገደል ይወረወራል። ሌላ ምን ይደረጋል?"

በጨርቅ ፊቴን ወለወለና ዓይኔን በእጁ ሸፈነ። ፊቴ ላይ አራት ቦታ ጫን ጫን ሲያደርገኝ ተሰማኝ፤ የቱን እንደሆነ ግን አልለየሁትም። "የምስጢር ቁጥርህን ሞላሁት" አለኝ። "አንተም ማወቅ የለብህም፤ ታወራለህ።" ከዚያ ፀሐይ አናት ላይ ሆና ሳለ ሊተኛ ገባ። በዚያ አገር ሌባ የሚመጣው በቀትር ነው።

ቆሜ ጠበቅሁ። በመንገዱ ላይ ፖሊሶች ረጅም ሰልፍ ይዘው አንዲት ሴትዮ መታወቂያቸውን እስክታይላቸው ይጠብቃሉ። አንድ አህያ ጋሪ ላይ ተደላድሎ ስልክ ያወራል፤ ባለጋሪው ከፊት ሆኖ ይጎትታል። አህያው ሲያልፍ በጆሮው ሰላም አለኝ።

ከዚያ ሌባው መጣ። ከረባት ያሰረ፣ ጨዋ የሚመስል ሰው ነው፤ ትልቅ ካርቶን አዝሎ ላቡ ይንጠፈጠፋል።

"ጤና ይስጥልኝ። ሌባ ነኝ።"

"ምን ይዘህ ነው?"

"አንዲት አሮጊት ሳጥን ናቸው ያሸከሙኝ። ከሱቅ ወስደዋት ቤታቸውን በሙሉ ዝም ብላ አየችባቸው። ዝምታውን አልቻሉትም። ባለሱቁ አልመልስም ስላላቸው የሆነ ቤት ጣልልኝ አሉኝ።"

ካርቶኑ ተናገረ። "ሽብሩ፣ አንተ ነህ?"

"ፋናዬ!"

"ወገቤ ሊቆረጥ ነው። ወይ አስገባኝ ወይ ጩህና ይለይልኝ!"

"ግቢ፣ ግቢ!" አልኩ። ሌባው ግን ደፉን ሲረግጥ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ተነሳ። ቲት፣ ቲት፣ ቲት ማለት ጀመርኩ። ደወል እንደዚህ ነው፤ ከመጮሁ በፊት ቁጥሩን ለመምታት ትንሽ ፋታ ይሰጣል፤ ካልተመታ ያገሩን ያህል ይጮሃል። ከጮህኩ ወጣቱ ይነቃል፤ ከነቃ ፋናዬ ገደል ናት። አፌን በሁለት እጄ ያዝኩት፤ ድምፁ በጆሮዬ ይወጣል።

ፋናዬ ካርቶኑን ቀድዳ ወጣች። "ቁጥርህ ስንት ነው?"

"አልነገረኝም! ቲት። ፊቴ ላይ አራት ቦታ ነው የነካኝ። ቲት።"

"ፊትህን አምጣው" አለች። እንደ እሷ ፊቴን የሚያውቅ የለም። "ስትናደድ አፍንጫህን ታሻለህ" ብላ አፍንጫዬን ተጫነች። ቀጭ አለ። "ስትዋሽ ጆሮህን ትይዛለህ።" ቀጭ። "ሲርብህ አገጭህን ታካለህ።" ቀጭ። ሦስቱም ልክ ናቸው፤ ድምፁ ሲቀንስ ይሰማኛል።

"አንድ ቀረ" አልኩ።

እጇን ፊቴ ፊት ለፊት አንስታ ቆመች። "ደስ ሲልህ የቱን ነው የምትነካው?"

ማሰብ ጀመርኩ። ምንም አልመጣልኝም። "አንቺ አታውቂም?"

"አውቅ ነበር" አለች። "ቆየኮ፣ ሽብሩ።"

ሌባው አፍሮ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረና በከረባቱ ላቡን ጠረገ። ፋናዬ ቅንድቤን ልትነካ እጇን ዘረጋች፣ መለሰችው፣ ወደ ጉንጬ ወሰደችው፣ ተወችው። ሁለታችንም የጠፋብንን ነገር እየፈለግን ተያየን። ያኔ ጩኸቱ ወጣ።

ከእኔ ነው የወጣው ብል አታምኑኝም። ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ጎረቤቶች በየመስኮታቸው ብቅ አሉ፣ አጨበጨቡ፣ መስኮታቸውን ዘግተው ተመለሱ። ወጣቱ ሳጥን ፊቱ ቀልቶ እየሮጠ መጣ። "እቃ ገባብን! እቃ ገባብን!" ብሎ ፋናዬን በእግሯ ይዞ ወደ ውጪ ጎተታት።

"እቃ አይደለችም!" ልለው እፈልጋለሁ፤ እሪታው ግን ቃል አያስወጣኝም። ከግድግዳው ተፈነቀልኩ። የግድግዳው ልስን ጀርባዬ ላይ እንደተለጠፈ ሮጥኩ። ገደሉ ከቤቱ ጓሮ ነው። እታች ሶፋ፣ ቁም ሳጥን፣ ፍራሽ፣ ቴሌቪዥን ተከምሯል፤ ሰው የደከመበት ሁሉ እዚያ ነው። ወጣቱ ሳጥን ፋናዬን ወረወራት። ተንደርድሬ ተኛሁና እጇን ያዝኩ።

"ልቀቀኝ፣ ኮትህ ይቀደዳል!" አለችኝ ተንጠልጥላ።

"ይቀደድ!"

"የሠርግህ ኮት ነው እኮ!"

"ይቀደድ አልኩሽ!" ስል የገደሉ አፍ ከሥሬ ተናደ።

"ሽብሩ! ሽብሩ! ኧረ ሰፈሩን ቀሰቀስከው!"

ነቃሁ። ነግቷል፤ ፀሐይ መጋረጃው ላይ ናት። ፋናዬ ትከሻዬን ይዛ ትነቀንቀኛለች፤ እኔ ሌላውን እጇን ጨምድጄ ይዣለሁ። ፊት ለፊት ነን።

"ምን አየህ?"

"ገደል ልትገቢ ነበር።"

"ማን ሊከተኝ?"

"ባለስክሪኑ።"

አየችኝ፤ ከዚያ ሳቋ መጣ። ትራሱ ላይ ተደፍታ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ለስንት ቀን ያልሳቅነውን ነው የሳቅነው። "በቃ ቁጥር ያለውን እንገዛለን" አልኳት። "አይሆንም፣ አንተ የፈለግኸውን" አለች። "ኧረ አንቺ የፈለግሽውን!" እያልን፣ አሁን ደግሞ በዚህ እየተጨቃጨቅን ነጠላ ጫማችንን አድርገን ወጣን።

የግቢው በር የለም።

ያ ትልቁ የብረት በር፣ ከነማጠፊያው፣ ከነመቀርቀሪያው ሄዷል። ሁለቱ የሲሚንቶ ቋሚዎች ብቻ ቆመዋል፤ በመሃላቸው መንገዱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የማናውቀው ውሻ ፋናዬ ያሰጣችው ብርድ ልብስ ሥር ተኝቷል። አንድ የታክሲ ረዳት እያለፈ "እንዴት አደራችሁ!" ብሎ እጁን አነሳልን።

ፊት ለፊታችን የሚኖሩት ጋሽ ተካልኝ በፒጃማ ቋሚዎቹ ጋ ቆመዋል። አንድ እግራቸውን ወደ ግቢያችን ያነሱና መልሰው ያወርዱታል።

"ደህና አደራችሁ?" አሉ።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ ከልማድ። "ጋሽ ተካልኝ፣ በራችን..."

"አይቻለሁ። ሲነጋጋ ሰዎች ሲነቅሉት በመስኮት አየኋቸው። ልታስቀቡት የሰጣችሁት መስሎኝ እንዲያውም 'በርቱ' ብያቸዋለሁ። በኋላ ያንተን ጩኸት ስሰማ ጠረጠርኩና መጣሁ። ከመጣሁ ቆየሁ እኮ።"

"ታዲያ ለምን አይጠሩንም?" አለች ፋናዬ።

ጋሽ ተካልኝ በሩ የነበረበትን ባዶ ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ላንኳኳ ነበር የመጣሁት" አሉ። "ምኑን ላንኳኳው?"