ለቁልቁለት ሞተር ምን ያደርጋል?

መኪና የገዛ ሰው ከሌላው የአዳም ልጅ የሚለየው ስለ ናፍጣ ሲያወራ ስለማይደክመው ነው። እኔም አሮጌ ፒካፕ ገዝቼ ፍኖተ ሰላም ከገባሁ ወዲህ ወሬዬ ሁሉ ስለ ሊትር ሆነ። በሚሊኒየሙ ማግስት፣ ናፍጣ በጠፋ ሰሞን፣ ግማሽ በቤንዚን ግማሽ በባትሪ ስለሚሄዱ ፒካፖች አንድ መጽሔት ላይ አነበብኩ። ቁልቁለት ሲወርዱ ባትሪያቸውን እየሞሉ የጌታቸውን ወጪ ይቀንሳሉ አሉ። ታዲያ ለዚህ ባሕር ማዶ መሄድ ምን አስፈለገ? ቁልቁለት እንደሆነ ጎጃም ሞልቷል! ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳገቱን በናፍጣ እወጣለሁ፣ ቁልቁለቱን ሞተር አጥፍቼ በእግዜር ቸርነት እወርዳለሁ። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑ ድርቅ እንደሚል ግን ለማንም አልተነፈስኩም።

የእህቴ ልጅ አዳነ ሲያገባ፣ ሙሽራውን ከነሚዜዎቹ ማንኩሳ አጠገብ ካለው የሙሽራዋ ቤት የማድረስ ክብር ለእኔ ተሰጠ። እህቴ፣ ወንድምዓለም፣ አደራህን አማቾቹ ፊት እንዳታሳፍረን ብላ ለምናኛለች። እኔ? መንገዱን ሙሉ ሚዜዎቹን ስለ ቁጠባ አስተማርኳቸው። የመጨረሻው ቁልቁለት ላይ እንደ ልማዴ ሞተሩን አጠፋሁ፤ ንግግሬ ራሴን ስለጣፈጠኝም መልሼ ማስነሣቱን ረሳሁት። መኪናዋ የሰርጉ ቤት ፊት ለፊት ሜዳው ላይ ቀጥ አለች። ቁልፉን ባዞር ባትሪው ሞቷል።

እልልታው ይሰማል። ሙሽራው በነጭ ሱፉ ወርዶ ከሚዜዎቹ ጋር ገፋ። መኪናዋ ተነሣች፤ የዓመት ጥቀርሻዋንም ተፋችባቸው።

እንደ ደንቡ የሙሽራዋ ወገኖች በር ላይ ቆመው ሰርገኛውን በዘፈን ያግዳሉ። ያን ቀን ዘፈኑ ራሱ ቆመ። አንዲት አክስት የምራቸውን ሙሽራው የትኛው ነው ብለው ጠየቁ። አዳነ አንገቱን ደፋ። እኔማ መሪው ሥር መግባት አማረኝ፤ እንዲያ አፍሬ አላውቅም።

የሙሽራዋ አባት አያ ዘለቀ ጨዋ ሰው ናቸው። ልጁን አስታጥበው የራሳቸውን ኩታ አለበሱት። መሸኛው ሲደርስ ግን በቅሎ አስጫኑና፣ እርስዎ ናፍጣዎን ይቆጥቡ፣ ልጄስ በበቅሎ ትሄዳለች አሉኝ፣ በትሕትና።

ሙሽራ ቀድሞ ማለፍ ነውር ነውና በአንደኛ ማርሽ እያዘገምኩ ተከተልኩ። የዓመት ቁጠባዬ በዚያ መንገድ ተቃጠለ። ጡሩምባ መንፋት እንኳ አፈርኩ። አዳነ በቅሎዋን እየሳበ አንድም ጊዜ ዞር ብሎ አላየኝም። ፍኖተ ሰላም ልንገባ ስንል ግን ቆመና ወደ መስኮቴ መጣ። ይቅር ሊለኝ መስሎኝ መስታወቱን ቶሎ አወረድኩ። ጋሼ፣ ጭሱ ሙሽራዋን አስቸገራት፣ እባክዎ ሞተሩን ያጥፉልን አለኝ።

ዳገት ላይ ነበርን።